ያረፈደ ሁሉ

ዘውድነሽ ዳንግላ በሚገኝ አንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ ዓመታት ሠርታ በ2007 ክረምት ተባረረች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኪዳኑ «አርፋጅ ናት» አሉ። ማርፈዱንስ አልፎ አልፎ ታረፍዳለች። የተባረረችበት ምክንያት ግን ሌላ እንደሆነ ታውቃለች። ከአዘና እህል ይዘው ከመጡ ገበሬዎች ጋር በአዊኛ ስትጫወት አቶ ኪዳኑ ደርሰውባት፣ ገበሬዎቹ ከሄዱ በኋላ ሚዛን ከመነሻውም የሴት ሥራ እንዳልሆነ፣ አገውና አገው ሲገናኝ ምን እንደሚዶልት እንደማይታወቅ ተናግረው ነበር። ይህን የሰማ ሌላው ባለሚዛን ደርበው ብቻ ነው።

ክስ ስትመሠርት፣ ሰውየው ይክዳሉና በምን ታስረጃለሽ ያላት ብዙ ነው። ዘውድነሽ ግን አስባበታለች። የሰው ልብ ተከፍቶ ለዳኛ አይታይም፤ አንድ ዓይነት ጥፋት ባጠፉ ሁለት ሰዎች ላይ የተደረገው ግን ይታያል። ደርበው ደግሞ ከእሷ የባሰ አርፋጅ ነው።

እንዲመሰክርላት ልትጠይቀው ቤቱ ድረስ ሄደች። ልጆች እንዳሉት፣ እንጀራውን እንደሚያጣ ነገራት። ስለ ራሱ እውነቱን ከተናገረ እንደሚበቃት ነግራው ወጣች።

በችሎቱ ቀን መጀመሪያ የቀረቡት አቶ ኪዳኑ ነበሩ።

«እርስዎ ዘንድ ያረፈደ ሁሉ ይባረራል?» አለቻቸው ዘውድነሽ።

«ሁሉም። ወንድ ሴት፣ አገው አማራ አልልም» አሉ ኮራ ብለው።

ሌላ አልጠየቀቻቸውም። መጥሪያ ደርሶት ውጭ ሲጠብቅ የነበረው ደርበው ገባ። ማለና ወደ አለቃው ሳያይ ተናገረ።

«እኔ ጠዋት ጠዋት ጋሪ እነዳለሁ። መጋዘን የምደርሰው ረፋድ ላይ ነው። አለቃዬም ያውቃሉ፤ አንድ ቀን ጋሪዬ ላይ ተሳፍረው አብረን አርፍደናል። ተው ያለኝ የለም።»

ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ግን አልሳቁም። ያን ቀን ሚዛኑ ዘንድ የተባለውን ጠየቁት፤ ደርበውም የሰማውን አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

ማርፈዱ ሰበብ ነው ተብሎ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ተፈረደላት። አቶ ኪዳኑ እንጅባራ ላለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ አሉ፤ እዚያም ፍርዱ ጸና።

ዘውድነሽ ከይግባኙ ስትወጣ የምሥራች የምትባል ነፍሰ ጡር በር ላይ አስቆመቻት። ሆዷ ገፋ ሲል ከሆቴል አስተናጋጅነቷ አባርረዋት ኖሯል፤ የተሰጣት ምክንያት ግን ሰሃን ሰብረሻል የሚል ነው። ጠበቃሽ ማን ነው ስትል ጠየቀቻት።

«ጠበቃ የለኝም» አለች ዘውድነሽ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ሰሃን ሰብሮ ያልተባረረ ማን አለ?»

የምሥራች ትንሽ አሰበችና ሦስት ስም ጠራች። ዘውድነሽን ወደ ዳንግላ የሚመልሳት ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋ። ዘውድነሽ ሂዱ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችና ከሴትዮዋ ጋር ደረጃው ላይ ተቀመጠች።