ድሩ ላይ ያረፈው መንጋ

ጢሞቴዎስ የክሩን ልቃቂት እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። የሰማው ጉምጉምታ መጀመሪያ ከእንጦጦ የሚወርድ የጭነት መኪና መስሎት ነበር። ቀና ሲል ግን ሰማዩ በአናቱ ላይ ይሽከረከራል። የንብ መንጋ ነው። ከባሕር ዛፉ ጫፍ እንደ ጉም ወረደና ከንጋት ጀምሮ ሲያደራው የነበረው ድር የታሰረበት ችካል ላይ ሰፈረ።

ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ድር የሚዘረጋባት ቦታ ያቺው ብቻ ነች። ድሩ ለሙሽራ ቀሚስ የታዘዘ ነው። እትዬ ባዩሽ የልጃቸው ልብስ ቅዳሜ ካልደረሰ ወደ ሌላ ሸማኔ ሊሄዱ ምለዋል፤ ከፋሲካ ወዲህ ደህና ሥራ ያላየ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ደንበኛ አያስቀይምም።

ሚስቱ ሠርካዲስ ከቤት ብቅ አለችና አፏን ያዘች።

"በኢየሱስ ስም! አንተ፣ ፈቀቅ በል!"

"ክሩን ለቅቄ? ይተበተባል እኮ።"

"እንግዲያው ፍሊት ላምጣ። አንዴ ብንነፋባቸው በቃ።"

"ኧረ ተዪ ልጄ!" የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ። ጎረቤታቸው ጋሽ ኡርጌሳ ናቸው፤ ሱሉልታ ከንብ ጋር ያደጉ ሽማግሌ። በትራቸውን ተደግፈው ገቡ። "ቤት ፍለጋ የወጡ ናቸው። አውራቸው መሃል ላይ አለች። ቃፊሮቻቸው ቦታ አይተው እስኪመለሱ ነው የሚያርፉት። ካልነካችኋቸው አይነኳችሁም።" ወደ ችካሉ ጠጋ ብለው አሸተቱ። "ምን ቀብተህበታል?"

"ሰም። ክሩ እንዳይያዝ ብዬ። አባቴ ዶርዜ ሳለን እንዲህ ነበር የሚያደርገው።"

ሽማግሌው ሳቁ። "በሰም ሽታ ጠርተሃቸው ስታበቃ ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል?"

ጢሞቴዎስ ልቃቂቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ተንበርክኮ አያቸው። እግር ለእግር ተያይዘው፣ አንዷ ሌላዋን ተሸክማ፣ ከችካሉ መሬት ሊነኩ ጥቂት እስኪቀራቸው ተንጠልጥለዋል። መንጋው በሙሉ እንደ አንድ ሰው ደረት ይተነፍሳል። ሠላሳ ዓመት ክር ከክር ሲያገናኝ የኖረ፣ በእጁ ሥራም ትንሽ የሚኩራራ ሰው ነበር። አሁን ግን ፈራ፤ አፈረም፤ ደስታው ደግሞ ከሁለቱም በለጠ። እንባው ለምን እንደመጣ አላወቀም።

"ፈጣሪ እኔን ማን ብሎ ነው ይህን የሚያሳየኝ?" አለ ለራሱ። ሠርካዲስም ሳታስበው አጠገቡ ቁጢጥ ብላለች።

ስምንት ሰዓት ላይ እንጦጦ ጠቆረ። የመስከረም ዝናብ እንደሆነ ሳይጠሩት ይመጣል።

"በረዶ የቀላቀለ ይመስላል" አሉ ጋሽ ኡርጌሳ ሰማዩን እያዩ።

"ከመታቸውስ?" አለ ጢሞቴዎስ።

"ይፈጃቸዋል። አውራዋ ከሞተች የተረፉትም አይተርፉም።"

ሠርካዲስ ሮጣ ሸራውን አመጣች። አንድ ሸራ ነው ያላቸው። ወይ ድሩን ያለብሳል፣ ወይ በችካሉ ላይ ጎጆ ሆኖ ይወጠራል፤ ለሁለቱ አይበቃም።

"ድሩን ቶሎ እናልብሰው" አለች። "ጭቃ ከተረጨበት ነጭነቱ አይመለስም።"

ስልኩ ጠራ። እትዬ ባዩሽ ነበሩ።

"ጢሞቴዎስ፣ ቅዳሜ ይደርሳል አይደል?"

ጢሞቴዎስ ድሩን አየ። ንቦቹን አየ። ቀዝቃዛ ጠብታ ማጅራቱ ላይ አረፈ።

"ለቅዳሜ አልደርስም እትዬ። እንግዳ ሰፍሮብኛል።"

"የምን እንግዳ ነው ሥራ የሚያስፈታ? እኔ ሠርግ አለብኝ እኮ! ለሌላ ሰው ልስጠው?"

ጢሞቴዎስ ስልኩን ለሚስቱ አቀበላትና ሸራውን ከእጇ ወስዶ ወደ ችካሉ ሄደ። ሠርካዲስ ነጩን ድር ለአፍታ ተመለከተችው።

"እውነቱን ነው፣ እትዬ" አለች በመጨረሻ። "ከፈለጉ ለሌላ ይስጡት።"

ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል እንደያዘች የሸራውን ሌላኛውን ጫፍ አነሳችለት።