ከሁለተኛው ጀምሪ

ሶረቲና ጠሃ ጅማ መርካቶ ውስጥ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሦስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ሥራ ሲቀዘቅዝ «የእሳት ዘውድ» የሚባል ሰባት ክፍል ያለው ጌም ይጫወታሉ፤ አንድ ሰው ፈጥረህ፣ ስም አውጥተህለት፣ እያሳደግህ አገር ላገር የምታዞርበት ዓይነት። ጠሃ መንገድ ሲጠፋው ዞር ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነበር። ሶረቲ ጥያቄውን ትወደዋለች። ጠያቂውንም ጭምር፤ ግን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

በ2003 መስከረም ዙቤይዳ የምትባል ልጅ ከአጋሮ መጥታ ተቀጠረች። እጇ ፈጣን፣ ሳቋ ቅርብ። በሁለተኛው ሳምንት ጠሃ ሻይ ሲያዝ «የዙቤይዳ ስኳሩ አነስ ይበል» አለ። የሶረቲን በሦስት ዓመት አንድ ቀን ብሎ አያውቅም። ቅጥል አለች።

አንድ ዓርብ ጠሃ ለጁምዓ ሶላት እንደወጣ ዙቤይዳ ወንበሯን አስጠጋች። «ሶሬ፣ ማሎ፣ እባክሽ እኔም ልሞክረው። ከየትኛው ክፍል ልጀምር?»

ሶረቲ መልሱን ታውቀዋለች። ጀማሪ የሚገባው በአምስተኛው ነው፤ ሥዕሉ ያምራል፣ መንገዱም ይጠቁማል። ሁለተኛው ግን ካርታ የለውም፤ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ተኩላ ይጨርስሃል። ሶረቲ ራሷ ሁለቴ ሞክራ ትታዋለች።

«ከሁለተኛው ጀምሪ» አለቻት፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። ሦስት ቀን አትቆይበትም ብላ ነው።

ዙቤይዳ ሞተች፤ ደግማ ሞተች። መብራት ሲሄድ ሴቭ ያላደረገችው ሁሉ ይጠፋል፤ እንደገና ትጀምራለች። ደብተር ገዝታ የጎደለውን ካርታ በእርሳስ መሣል ያዘች። ጠሃ ከኋላዋ ቆሞ «እዚህ ጋ ድልድይ አለ እንዴ?» ማለት አበዛ። ሶረቲ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ጻፈችው።

በወሩ ዙቤይዳ ጨረሰችው። ያን ቀን ጠሃ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«አሁንስ የትኛውን?» አለች ዙቤይዳ።

ሶረቲ ሁለተኛ መዋሸት አቃታት። «ያን ያልኩሽ ተስፋ ቆርጠሽ እንድትተዪው ነው። እኔም አልጨረስኩትም።»

«አውቃለሁ። ጠሃ በነጋታው ‹ከዚህ ጀምሪ ያለሽ ማነው?› ብሎኝ ነበር።»

«ምን አልሽው?»

«ራሴ መረጥኩት አልኩት።»

የሶረቲ ፊት ጋለ። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። «ታዲያ ለምን አልተውሽውም?»

«እኛ ሰፈር ጌም ቤት የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። እዚህ ስመጣ እሱ አንቺን እየጠየቀ ሲጫወት አየሁ። ዋላሂ፣ ቀናሁ።»

«ሦስተኛውን ጀምሪ» አለች ሶረቲ። ሁለተኛውን ለጨረሰ ቀጣዩ እሱ ነው፤ ይህኛው ምክር እውነት ነበር።

በዓመቱ ጠሃ አጋሮ፣ ዙቤይዳ ቤተሰቦች ዘንድ ሽማግሌ ላከ። ሶረቲ ሠርጉ ላይ ተገኘች፤ አጨበጨበች፣ ጨፈረችም። ሆዷ ግን እስኪለምደው ብዙ ጊዜ ወሰደበት።