የፈይሳ በሬ ቅርጫ

ሲስተር ዘመናይ የእሾህ ቁስል ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ተወልዳ ያደገችው ናዝሬት ቢሆንም፣ ደራ ጤና ጣቢያ ከተመደበች ወዲህ ከሰው እግር የነቀለችው እሾህ አንድ ግቢ ያጥራል። ስለዚህ ኦቦ መርዳሳ የሚባል ገበሬ ክንዱን ዘርግቶ «እሾህ ነው የወጋኝ» ሲላት አላመነችውም። ቁስሉ መሀሉ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ዙሪያው አብጧል። ጫን አድርጋ ነካችው። መርዳሳ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል ያያል።

«አያምዎትም?»

«ምንም።»

የማያም እሾህ ደግሞ የት አገር ነው የሚበቅለው? በማግስቱ ከመርዳሳ ቀበሌ አንድ ሰው ማጭድ ቆረጠኝ ብሎ መጣ። ከሱ ኋላ አንዲት ሴት እሳት ፈጀኝ ብላ መጣች። እሾሁም፣ ማጭዱም፣ እሳቱም ያወጡት ቁስል አንድ ነው፤ ጥቁርና የማያም። ዘመናይ አባ ሰንጋ ነው ብላ ጠረጠረች። ይህ የከብት በሽታ የታመመውን በሬ ያረደውንም፣ የገፈፈውንም፣ ሥጋውን የበላውንም አይምርም።

«የታመመ ከብት አርዳችኋል?» ብላ ሁሉንም ጠየቀች።

«ኧረ የለም፤ ከብቱ ሁሉ ደህና ነው» አሏት፣ ሦስቱም በአንድ ቃል። ሰው እንዲህ ተስማምቶ ሲመልስ አስቀድሞ የመከረው ነገር አለ።

ፔኒሲሊን ወጋቻቸውና ሸኘቻቸው፤ ውሎ አድሮ ይነግሩኛል ብላ ነበር። ግን ኢተፋ የሚባል ጎረቤታቸው ሆዱን ቁርጠት ይዞት፣ ምች ነው ተብሎ ቤቱ እንደተኛ ሞተ። መርዶውን ስትሰማ ዘመናይ ተናደደች፤ ከሁሉ ይልቅ በራሷ ተናደደች። መድኃኒቷን ይዛ በእግሯ ወደ ቀበሌው ሄደች።

ለቀስተኛው ግራር ሥር ተቀምጦ ነበር። እሷም ቆማ እንዲህ አለች፦ «ኢተፋን የገደለው ምች አይደለም፤ የታመመ በሬ ሥጋ ነው። የቀረው ሥጋ ከየቤቱ ወጥቶ ይቃጠል። የበላ ሁሉ መርፌ ይወጋ። ነገ ከናዝሬት ያስጠራኋቸው የእንስሳት ሐኪሞች ይመጣሉ፤ ደሙ የፈሰሰበት ግቢ ኖራ ይደፋበታል፣ የቀሩትም ከብቶች ይከተባሉ። በሬው የማን ነው?»

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ሰማዩ ጨክኖ፣ ጎተራው ባዶውን ቀርቶ፣ በዚያ ዓመት ለሰው ቋንጣህን አቃጥል ማለት ቀላል አይደለም። ለቀስተኛው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። በመጨረሻ እማማ ወርቅውሃ የሚባሉ ባልቴት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«የኔ ነው» አሉ።

ዘመናይ እፎይ አለችና ግቢያቸውን ልታይ ተከተለቻቸው። ግቢው ውስጥ እበት የለ፣ ገለባ የለ፣ የበሬ ዱካ የለ።

«የት ነበር የሚታሰረው?»

«እዚያ ጋ» ብለው አመለከቱ። ያመለከቱት ቦታ ላይ የጎመን መደብ አለ፤ ጎመኑም በሬ አጠገቡ ያደረ አይመስልም። አሮጊቷ ራሳቸው አይተውት አንገታቸውን ደፉ።

«በሬው የፈይሳ ነው፣ ልጄ። ጥማድ ከሆኑት አንዱ ድንገት ታሞ ወደቀበት፤ ነፍሱ ሳትወጣ ቢላ ደረሰለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለን ሥጋውን በቅርጫ እየገዛን ተካፈልንለት፤ በገንዘቡ ሌላ በሬ እንዲተካ። ታዲያ ጥማድ የሌለውን የገበሬ ማኅበሩ ለሰፈራ ይመዘግበዋል ይባላል። ከነልጆቹ ወደማናውቀው አገር ይወስዱብናል ብለን አፋችንን ዘጋን። እኔን ግን ወዴት ይወስዱኛል? የቀረኝ መንገድ ወደ መቃብር ነው።»

ዘመናይ ክፉ ሰው እየፈለገች ነበር የመጣችው፤ ያገኘችው ይህን ነው። ሥጋውን የተካፈሉት ለጎረቤት አዝነው፣ በሽታውን የደበቁትም ለዚያው ጎረቤት አዝነው። ኢተፋም ከነደግነቱ ተቀበረ።

«እማማ፣ ኖራው እርስዎ ጎመን ላይ ቢደፋ ማንን ያድናል? ደሙ ያለው ፈይሳ ግቢ ነው። ልጆቹ እዚያ ላይ ነው የሚጫወቱት።»

ወርቅውሃ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ዘመናይ ወደ ፈይሳ ቤት ሄዳ ይህንኑ ነገረችው። ፈይሳ በሬው የታረደበትን ቦታ አየ።

«ደሙ ጥቁር ነበር፤ አልረጋም። ደግ ነገር እንዳልሆነ ልቤ አውቆት ነበር» አለ። ከዚያ ልጆቹን ጠርቶ ወደ ቤት አስገባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ላንድሮቨሩ መጣ፤ የገበሬ ማኅበሩም ሊቀመንበር አብሮ መጣ። ፈይሳ ሳይጠየቅ ወጥቶ «እዚህ ነው ያረድነው፤ በሬው የኔ ነበር» አለ። ኖራው ተደፋ። ከየቤቱ የተሰበሰበው ሥጋ ጉድጓድ ውስጥ ሲቃጠል፣ ሕፃናቱ ሽታው እያስጎመዣቸው በሩቁ ቆመው አዩት። ዘመናይ ወደ እነሱ ማየት አልቻለችም።

«እንግዲህ አንድ በሬ ነው ያለህ ማለት ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አንድ» አለ ፈይሳ።

ይህን ጊዜ መርዳሳ ከሰዎቹ መሀል ወጥቶ ሄደ። ቁስሉን ዘመናይ ባሰረችለት ክንዱ፣ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን እየጎተተ ተመለሰ።

«ኦቦ መርዳሳ፣ ግቢው ውስጥ እንዳያስገቡት» አለች ዘመናይ ደንግጣ።

መርዳሳ በሬውን ከአጥሩ ውጭ አቆመው። «ሊቀመንበር፣ እኔና ፈይሳ መቀናጆ ነን። አንዱ የሱ፣ አንዱ የኔ፤ ተራ እየገባን እናርሳለን። ጥማድ ነው አይደለም?»

«ያንተስ ጥማድ ፈረሰ እኮ።»

«የኔን ጥማድ እኔ አውቃለሁ።»

ሊቀመንበሩ በሬውን አየ፤ የመርዳሳን የታሰረ ክንድ አየ። እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ኢተፋም አብሮ አደጉ ነበር።

«ጥማድ ነው» አለ።

ፈይሳ በሬው ሲወድቅ አላለቀሰም፤ በኢተፋ ቀብርም ጥርሱን ነክሶ ነው የቆመው። አሁን እግሩ ኖራ እንደለበሰ ከግቢው ወጣና የመርዳሳን በሬ አንገት ሊያቅፍ እጁን ዘረጋ።

«መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ» አለችው ዘመናይ።

ፈይሳም እንባው እየወረደ እጁን ለመታጠብ ዞረ።