የልብስ ሳሙና ለካርቡሬተር

የጎረቤቴ መኪና የምታንጠባጥበው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ስለሆነ ጠብታዋን ከቤቴ ሆኜ እሰማታለሁ። ግድግዳችን አንድ ነው። እኔ ከወዲህ የሰው ልብስ ሳጥብ፣ እሷ ከወዲያ ቤንዚን ጠብ ታደርጋለች። አመሻሽ ላይ ባለቤቷ ጣሳውን ያነሳና የተጠራቀመውን በንጹህ ጨርቅ አጥልሎ ወደ ታንከሩ ይመልሰዋል። አንዲት ጠብታ መሬት አያስነካም።

"ጋሼ፣ ላም ብትሆንልህ ኖሮ ይሄኔ ቅቤ ትንጥ ነበር" እለዋለሁ።

"ሳቂ እቴ። የእኔ ነገር ለአንቺ ምን ጊዜም ጨዋታ ነው።"

ሰፈሩ አባ ዳገት ይለዋል። ስለዚች መኪና ሲያወራ "ያልወጣችው ዳገት የለም" ሳይል ስለማይጨርስ የወጣለት ስም ነው። በአራቱም ጎማ የምትጎትት፣ ጭቃም ድንጋይም የማይበግራት አሮጌ የመስክ መኪና ናት። እውነቱን ለመናገር ያን ሁሉ ዳገት የወጣችው ድሮ ነው። ሥራ ካጣ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እሷም ሁለት ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆማለች። የሚስቱ ወንድም አሮጌ ብረት በኪሎ የሚገዛ ሰው ይዞ መጥቶ ነበር። ሰውየው ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አድርጎ "የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ልምጣ?" ሲል፣ አባ ዳገት ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ ናት "እስቲ እናያለን" ብላ የሸኘችው።

በዚያው ሳምንት መንገድ የሚቀይሱ ሰዎች ለስድስት ወር የመስክ መኪና እንደሚፈልጉ ተሰማ። አባ ዳገት ጫማውን ጠርጎ ሄደ። "ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጥተን እንፈትናታለን፤ ነዳጅ የምታፈስ ከሆነ ግን ይቅርብን፤ አንዷ ተቃጥላብን ሰው ተጎድቷል" አሉት። የሚያወራው ሁሉ ዳገት የነበረ ሰው ያን ቀን ሲመለስ የሚያወራው ስለ አንዲት ስንጥቅ ብቻ ሆነ።

ካርቡሬተር ማለት፣ እሱ እንዳስረዳኝ፣ ቤንዚንና አየር አዋህዶ ለሞተሩ የሚያጎርስ ዕቃ ነው። ከሥሩ ቤንዚኑ የሚጠራቀምባት የሲኒ ያህል ጎድጓዳ አለች። የተሰነጠቀችው እሷ ናት።

"ማን ሰነጠቃት?" አልኩት።

"እኔው። ትንሽ እርጥበት ብታወጣ ጊዜ ብሎኗን ላጥብቃት ብዬ፣ ቋ አለች።"

"ልታድናት ስትል ገደልካታ።"

"እንዲያ በይው።"

ዓርብና ቅዳሜ ያልረገጠው ደጅ የለም። መለዋወጫ ሻጩ ጎድጓዳዋን አገላብጦ አየና "የዚችን እኩያ ከሙዚየም ጠይቅ" አለው። በያጁ ደግሞ "ስስ ናት፤ እሳት ካየች እንደ ሻማ ነው የምትፈሰው" ብሎ መለሰለት። ማስቲሽ ቀባት፤ ቤንዚኑ አንድ ሌሊት ሳያሳድር ልጦ ጣለው። እሑድ ጠዋት እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ደጄ ላይ ቆመ።

"እቴ፣ ደረቅ ሳሙና አለሽ?"

"ምነው፣ ሰርግ ተጠራህ?"

"ለካርቡሬተሩ ነው።"

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቱን አየሁና ተውኩት። "ቤንዚን ሳሙና አይበላም" አለኝ። "ወጣት ሆኜ በረሃ መሃል ታንከሬን ድንጋይ በሳብኝ። በሳሙና ደፍኜ ሁለት ቀን ነድቻለሁ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።"

ከሳሙናዎቼ ሁሉ ጠንካራውን መረጥኩለት። እንዳይሰነጣጠቅ በእጄ አሸት አሸት አድርጌ አለሰለስኩት፤ ከዚያ ግቢያቸው ድረስ ይዤው ሄድኩ። እሱ በካቻቢቴ ፈትቶ ጎድጓዳዋን አወረደ፣ አደረቃት፣ ሳሙናውን ስንጥቁ ውስጥ በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ ሞላ፣ ከላይም ደርቦ ለቀለቀ። መልሶ ገጠማትና ሞተሩን አስነሳ። ጣሳውን አንስቶ በቦታው ጋዜጣ ዘረጋ፤ ጠብታ ከወደቀች ወረቀቱ ይናገራል ብሎ።

ሚስቱ በርጩማ አወጣችለት። ተቀምጦ ጋዜጣውን ትክ ብሎ ያያል። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ወረቀቱ ደረቅ ነው።

"ምን ይላል ጋዜጣው?" አለችው ሚስቱ።

"ምንም አዲስ ነገር የለም ይላል።"

ሳቀች። ያቺን ሴት ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር። እኔም ባልዋልኩበት መካኒክ የሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ያ ቀን ለእኛ ያማረ ቀን ነበር፤ ሌላ እንደሱ ያለ አላየንም።

ሰኞ የመንገድ ቀያሾቹ መሐንዲስ በሰዓቱ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ጨዋ ነው፤ አባ ዳገትን "አባት" ነው የሚለው። ኮፈኑን አስከፍቶ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ከሥር ተመለከተ፣ እጁን ሰዶ ዳሰሰ። ደረቅ። "ጥሩ ይዘዋታል" አለ። ከዚያ "ባዶዋን አትፈተንም፤ ጭነት ይኖራል?" ሲል አባ ዳገት ወደ ሚስቱና ወደ እኔ ዞረ።

"ሁለቱ ይበቃሉ?"

መሐንዲሱ አፍሮ ሳቀ። እኛም እንደ ሁለት ኩንታል ከኋላ ተጫንን።

ድንጋያማውን ዳገት ወጣች። እውነት ነው፣ ወጣች። አባ ዳገት ወደ ኋላ ዞሮ አላየንም፤ ማጅራቱ ግን "አላልኳችሁም?" ይላል። ሚስቱ እጄን ይዛ "ሐሙስ ያ ብረት ገዢ ሲመጣ ከበር የምመልሰው እኔ ነኝ" አለችኝ በሹክሹክታ።

መሐንዲሱ ቁልቁል እያመለከተ "አሁን ወንዙን ተሻግረን እንመለስ" አለ።

ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ነጭ አረፋቸው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ይወርዳል። እሱን ሳይ ነው የገባኝ። ጭኔ ላይ ያሉትን እጆቼን አየኋቸው፤ ሃያ ዓመት ውሃ ያሻከራቸው እጆች። ስንቱን ሳሙና ውሃ ውስጥ አሟሙቼ የጨረስኩ ሴት፣ ሳሙና በውሃ እንደሚሄድ ያስታወስኩት እዚያ ነው። እሱ የሚያውቀው ቤንዚን ነው፤ በረሃ ደግሞ ውሃ የለም። ውሃ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልበል? "መሐንዲስ፣ በዚህ አትሂድ፣ ሳሙናችን ይታጠብብናል" ልበል? መልሼ ዘጋሁት። ጎማው ውሃ ነካ።

ውሃው እስከ መብራቷ ደረሰ፤ ፍንጣቂው ኮፈኑን አልፎ መስታወቱን መታ። ውስጥ የሚሽከረከረው ማራገቢያ ውሃውን አንስቶ ሞተሩ ላይ ሲረጨው ይሰማናል፤ ልክ እኔ ገንዳ ላይ ልብስ እንደማለቀልቀው። መኪናዋ አልቆመችም። ተሻገረች፣ ዞረች፣ ደግማ ተሻገረች። ብትቆም ይሻል ነበር፤ ጥፋቱ የወንዙ ይሆን ነበር።

ዳር ስንወጣ መሐንዲሱ "እስቲ ይክፈቱት" አለ።

አባ ዳገት ፈገግ እንዳለ ከፈተው። ካርቡሬተሩ ሥር ነጭ አረፋ ተንጠልጥሏል። መሐንዲሱ በጣቱ ነካና አሸተተው።

"ሳሙና ነው?"

ከአረፋው ሥር አንዲት ጠብታ ወጣች፤ ቀጥላ ሌላ። ቤንዚን ሸተተን።

"አባት፣ ሞተሯ እኮ ጥሩ ነበር" አለ መሐንዲሱ። ቢቆጣ ኖሮ እንኳ መልስ ይገኝለት ነበር። "ሰው የምጭንባት መኪና ናት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።" ውሃ የገባበትን ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠ ወደ መንገዱ ወጣ። እናድርስህ ብንለው እንቢ አለ።

ስንመለስ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ጨዋታ የማላጣዋ እኔ ከኋላችን የሚቀረውን መንገድ ሳይ መጣሁ። ግቢ ገብተን ሞተሩ ሲጠፋ "ጋሼ፣ ሳሙና በውሃ እንደሚሄድ እኔ ማወቅ ነበረብኝ" አልኩት።

"አንቺ ምን አጠፋሽ" አለ፤ ከመሪው ላይ እጁን አላነሳም። "ሳሙናሽንም አስጨረስኩሽ።"

የተረፈችውን ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ቤንዚን ቤንዚን ትላለች፤ ለልብስ አትሆንም። ተቀበልኳት።

ሚስቱ በርጩማውን ወደ ቤት አስገባች። "ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው ያለው ሰውየው?" ብላ ጠየቀችው። "እንጃ" አላት።

በማግስቱ ገንዳዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ጠብታውን ጠበቅሁ፤ የጣሳው ድምፅ የለም። ሌሊት ስንጥቁን የሚደፍንበት ነገር አግኝቶ ይሆን ብዬ ልቤ ዘለለ፤ እጄን እንኳ ሳልጠርግ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ጣሳው ግድግዳው ሥር ተደፍቷል። መኪናዋ ታንጠባጥባለች፤ ከሥሯ ምንም የለም። መሬቱ ይጠጣዋል።