ገለባ ለባሹ በኡና ሰርግ

ወንድሜ ባርትሊ ደርካን አንዴ ከማለ ሰማይ ቢደፋ አይመለስም። ይህን በምዕራብ አየርላንድ የማያውቅ የለም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በዚህ ፊቴ የፌስተስ ጎካንን ደጃፍ ብረግጥ እግሬ ይሰበር!» ብሎ ማለ። ያጣላቸው አንድ የእሾህ ዛፍ ነው። ጎረቤቱ ፌስተስ በድንበራቸው ላይ ለብቻዋ የቆመችውን የደጋጎቹን ዛፍ ቆረጣት። ደጋጎቹ የምንላቸው ከጉብታው ሥር የሚኖሩትን፣ በዓይን የማይታዩትን ነው፤ በስማቸው ጠርተን አናስቆጣቸውም። ሳምንት ሳይሞላ በቁጣቸው የባርትሊ ምርጥ ላም ሞተች። እንግዲህ ማን ያስታርቃቸው?

የባርትሊ አንድያ ልጅ ኡና ደግሞ፣ ወንድ የጠፋ ይመስል፣ የፌስተስን ልጅ ኮልማንን ወደደች። አባትየው «ቤተ ክርስቲያን ድረስ አደርሳታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የለሁበትም» አለ። ድግሱ ያለው ጎካን ቤት ነው።

«አክስቴ ዊኒ፣ ጭፈራ ያስተማረኝ አባዬ ነው። እሱ ሳይኖር በምን እግሬ እጨፍራለሁ?» ብላ ኡና አለቀሰችብኝ።

በወንድሜ ተናደድኩ። በሰርጉ ዕለት ሙሽሮቹን ሸኝቶ ሲመለስ፣ ከነሙሉ ልብሱ ጋጣ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አንተ፣ ምን ብለህ ነው የማልከው?»

«ሰምተሽኛል እኮ።»

«ድገመው!»

«በዚህ ፊቴ የፌስተስን ደጃፍ ብረግጥ…»

«በቃ! በዚህ ፊትህ ነው ያልከው» አልኩና ከጀርባዬ የደበቅኩትን አወጣሁ።

ተደብቄ የጎነጎንኩት፣ ከአናት እስከ ደረት የሚሸፍን ሾጣጣ የገለባ ቆብ ነው። ሰርግ ያልተጠሩ ጎረምሶች ይህን አጥልቀው ይመጣሉ፤ የሚከለክላቸው የለም። አለቃቸው ሙሽራዋን ያስጨፍርና ይሄዳሉ። ከመካከላቸው አንዱ ከተገለጠ ግን፣ ወይም በስሙ ከተጠራ፣ መዓቱ ለሙሽሮቹ ነው።

ባርትሊ ቆቡን ትክ ብሎ አየው። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰይጣን ራሱ ካንቺ ይማራል» አለኝ።

«ጎንበስ በል» አልኩት። ለገለባ ለባሾቹ ጎረምሶች አለቃ አድርጌ ሰጠሁትና ቀድሜ ሰርጉ ቤት ገባሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጎካን በር በዱላ ተደበደበ። «ገለባ ለባሾች መጡ!» ብለው ልጆቹ ጮኹ፤ ቫዮሊኑም ጦፈ። አለቃቸው ወለሉን እየረገጠ መጥቶ ሙሽራዋ ፊት ተገተረ። ኡና ለወጉ ያህል እጇን ሰጠችው።

ባርትሊ ሲዞር በግራ ተረከዙ ወለሉን ደጋግሞ ይመታል። እንዲህ የሚመታ ሌላ ሰው በአገሩ የለም። ገና አንዴ ሲዞሩ የኡና ፊት በራ። አፏን ስትከፍት «አባዬ» ልትል ነው ብዬ ቆሌዬ ተገፈፈ። ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያ እንባዋ እየወረደ ትስቅ ጀመር! ጭፈራው ባሰበት። እኔም በዚህ ዕድሜዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቼ እጮኻለሁ! እንዲያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም።

ያኔ ነው ውስኪ ናላውን ያዞረው የፌስተስ ወንድም ዳርቢ የተነሣው። «ይህችን ተረከዝ አውቃታለሁ! ይገለጥ!» ብሎ ቆቡን ጨመደደው። ገለባው ተንኮሻኮሸ፤ ቫዮሊኑ ቆመ። እጁን ልነክሰው ተንደረደርኩ፤ ፌስተስ ቀደመኝ። የወንድሙን እጅ ጠምዝዞ አላቀቀው።

«በእኔ ቤት ገለባ ለባሽ አይገለጥም! አንተ ብቻ ያወቅክ መሰለህ እንዴ?»

ፌስተስ ውስኪ ቀዳና ብርጭቆውን ራሱ ገለባው መሃል አስገብቶ ወደ አፉ ያዘለት።

«ጠጣ እንግዲህ፣ የማላውቅህ ሰውዬ። አንድ ጎረቤት አለኝ፤ ካገኘኸው፣ ያቺን ዛፍ በመቁረጤ ተጸጽቻለሁ፣ በቦታዋ ችግኝ ተክያለሁ በልልኝ። ፊት ለፊት ልነግረው አፍሬ ነው።»

ገለባ ለባሽ በራሱ ድምፅ አይናገርም። ባርትሊ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ «እነግረዋለሁ» አለ። «እሱም የላከኝ መልእክት አለ። ልጄን አደራ…» ሲል ቀጭኑ ድምፅ ተሰበረና የራሱ ወፍራም ድምፅ ወጣ። ቤት ሙሉ ሰው ሰማው። ኡና ክንዱን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ፌስተስ ወደ እኛ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይህን ሰውዬ የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጮኸ።

«የለም!» አልን ሁላችንም፣ ዳርቢ ሳይቀር፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ።