ሰንበሩ በየትኛው ትከሻ ነው

የእህቴ ባል ሆስፒታል ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር፣ ገና ምንም ሳልለው፣ «አይዞህ ጋሼ፣ መሪውን የያዝከው አንተ ብትሆንም ማንም አይፈርድብህም» ይለኛል። የከነከነኝ ማጽናናቱ ነው። በመኪናዬ አብረን ከከተማ መውጣታችንን አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። የቆመ የጭነት መኪና ከኋላ ገጭተን ነው አሉኝ። እንቅልፍ ሲጫጫነኝ መሪ የምለቀው ደግሞ ለእሱ ነው።

የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ጥፋቱ የኔ ከሆነ መንጃ ፈቃዴም ሥራዬም አበቃላቸው። ትራፊክ ፖሊሱ ዛሬ ከሰዓት ቃሌን ሊቀበል ይመጣል።

ጠዋት የአየር አምቡላንሷ ነርስ መጥታ ነበር። በሄሊኮፕተር ያመጡትን ሰው ነፍስ ሲዘራ መጥቶ ማየት የቡድናቸው ልማድ ነው።

«በመኪና ቢሆን ኖሮ አይደርሱም ነበር» አለችኝ። «ውስጥ ለውስጥ ደም እየፈሰስዎት ነበር።»

«ከየትኛው ወንበር አወጣችሁኝ?»

«ስንደርስ ሣር ላይ ነበሩ። መኪናው ሲጨስ አማችዎ አውጥተውዎታል። የደወሉልንም እሳቸው ናቸው፤ በስልክ እንደነገርናቸው አንገትዎን ይዘው ጠበቁን።»

ስትወጣ የሆስፒታሉን ልብስ ገልጬ ደረቴን አየሁ። የቀበቶው ሰንበር ጠቁሯል። መስታወት ግራና ቀኝ ያገላብጣልና በእጄ ዳሰስኩት፤ ከቀኝ ትከሻዬ ወደ ግራ ዳሌዬ ይወርዳል። በእኛ መኪና መሪው በግራ ነው፤ የሹፌር ቀበቶ የሚወርደው ከግራ ትከሻ ነው።

ከሰዓት አማቼ መጣ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን መላጥ ጀመረ።

«ፖሊሱን አላስታውስም በለው፣ በቃ» አለኝ።

«ሸሚዝህን ክፈት።»

«ምን?»

«ክፈት አልኩህ።»

ሳቅ ለማለት ሞከረ። ፊቴን አየና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሰንበሩ ከግራ ትከሻው ነው የሚነሳው።

«እህትህ እንዳትሰማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እህቴን ተዋት። ለምን?»

«ፖሊሱ ሲጠይቀኝ አንተን ይዘውህ ሄደዋል። የነርሷን ፊት አይቼ ነበር ጋሼ፣ አለቀለት አልኩ። የሞተን ሰው ማን ይከሰዋል ብዬ የነዳው እሱ ነው አልኩት...»

«ይቅርታ እንግዲህ፣ ሳልሞት አስቸገርኩህ!»

«እንደሱ አትበል! ማን ጠራልህ ሄሊኮፕተሩን? እኔ አይደለሁም? እየጨሰ ማን አወጣህ?» ብርቱካኑ እጁ ላይ ፈረጠ።

እውነቱን ነው፤ ክፋቱም ይኸው ነው። አንገቴን ይዞ ያቆየኝና ጥፋቱን አሸክሞ ሊቀብረኝ የነበረው ያው አንድ ሰው ነው፤ የቱን እንደማምን ለመወሰን ጊዜ አልነበረኝም። በሩ ተንኳኳ።

ሸሚዙን በጥድፊያ ሊቆልፍ ተነሳ።

«ተወው፣ ክፍት ይሁን» አልኩት። «ግባ በለው። ቀድመህ የምትናገረው አንተ ነህ።»