ለሞጣ የተሣለው ሥዕል

ሰገነት የእመቤታችንን ዓይን ሥላ ከጨረሰች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየችም። ሞጣ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉን ሲያሠራት ውሉ ግልጽ ነበር። ቢቸና፣ ቤቷ ሆና በሸራ ላይ ትሥላለች፤ ሸራው ሞጣ ሄዶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሥራው እስኪያልቅ ግን ከባሏ ጋር አልጋ ለይተው ይቆያሉ። ሥዕሉ ከተወደደ የቀረው ግድግዳ ሁሉ የእሷ ነው። ሴት ናት ብለው ያልሸሿት የሞጣ ካህናት ብቻ ነበሩ።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ውሉን አፈረሱት። ባሏ የኔሰው ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ዝናብ አብስብሶት ገባ፤ ፎጣ አቀበለችው፤ ከዚያ በኋላማ ማን እንደጀመረ እግዜር ይወቅ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ምን ይደረግ! በማግሥቱ የእመቤታችንን ዓይን ሣለች።

ያስጨነቃት ኃጢአቱ ብቻ አልነበረም። የኔሰው ውሸት አይሆንለትም፤ ደግሞ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን ሌላውን ግድግዳ እንድትይዝ አይፈልግም። "ሁለት ዓመት አልጋ ለይተን? ልጅስ መቼ ልንወልድ ነው?" ብሏት ነበር። አንዲት ቃል ካመለጠችው ሁሉም አበቃለት። ሳምንቱን ሙሉ ፊት ፊቱን ስታይ፣ ጉሮሮውን በጠረገ ቁጥር ስትደነግጥ ከረመች።

ቄስ ሀብተ ሥላሴ ሸራውን ሊወስዱ ከሞጣ መጡ። ሥዕሉ ፊት ቆመው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ የኔሰው ዞሩ።

"ቃላችሁን ጠብቃችኋል?"

የኔሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጠብቀናል፣ አባ።"

"ተባረኩ! እንግዲህ ግድግዳው ሁሉ የሰገነት ነው" ብለው መስቀላቸውን ዘረጉለት። የኔሰው አልተሳለመም። "ሸራውን ልጠቅልልልዎ" ብሎ ጎንበስ አለ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ መስቀል ሲሸሽ አይታው አታውቅም። ስትመኘው የከረመችው ውሸት ይኸው መጣላት፤ እፎይ ማለት ግን አቃታት። ባሏ አሳዘናት፤ በራሷም አፈረች።

መስቀሉ ወደ እሷ ዞረ።

"አባ፣ ሸራውን አይውሰዱት" አለች። "አልጠበቅንም። ባሌ ዋሽቶ አያውቅም፤ አሁን የዋሸው ለእኔ ብሎ ነው።"

ቄሱ መስቀላቸውን ሰበሰቡ። የኔሰው ቀና አላለም፤ መጠቅለሉን ግን ተወ።